ከጊዜዋ ቅጠል ፀጉራማ ሥር ማውጣት፦ ከዘሩ እስከ ዊታኖላይድ ልኬት

ጊዜዋ፣ በአንዳንድ አካባቢ ግዛዋ የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ለሥሩ ነው፤ በተክሉ ውስጥ የሚፈለጉት ኬሚካሎች ዊታኖላይድ ይባላሉ። ሥሩ ሲነቀል ደግሞ ተክሉ ያበቃለታል። ሕንዶች ይህንኑ ተክል አሽዋጋንዳ ብለው በእርሻ ያመርቱታል። ተክሉን ሳይነቅሉ ሥሩን በጠርሙስ ውስጥ ማሳደግ የሚቻልበት መንገድ ፀጉራማ ሥር ይባላል። ከታች ያለው መመሪያ የሕብረ ሕዋስ ማሳደጊያ ላብራቶሪ ላላቸው ተማሪዎችና ተመራማሪዎች የተጻፈ ነው።

ሥራውን የሚሠራልን አግሮባክቴሪየም ራይዞጂንስ የሚባል የአፈር ባክቴሪያ ነው፤ በአዲሱ ስያሜው ራይዞቢየም ራይዞጂንስ ይባላል። የቆሰለ የተክል ሴል ፌኖል ይለቃል። ባክቴሪያው ያንን ሲያገኝ አርአይ ከሚባለው ፕላዝሚዱ (ከዋናው ዘረመል ተለይቶ ያለ ክብ ዲኤንኤ) ላይ ቲ-ዲኤንኤ የተባለውን ክፍል ቆርጦ ወደ ሴሉ ዘረመል ያስገባል። እዚያ ላይ ካሉት ጂኖች ዋናው ሮል-ቢ ነው፤ ሴሉ ሥር እንዲያወጣ የሚገፋፋው እሱ ነው። የሚወጣው ሥር ያለ ሆርሞን በፍጥነት ያድጋል፣ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ወደ ታች ከመውረድ ይልቅ ወደ ጎን ይዘረጋል።

ከመጀመሪያው መያዝ ያለበት ነገር አለ። ቲ-ዲኤንኤው የሚገባበት ቦታና የሚገባው ቅጂ ብዛት ከሴል ሴል ይለያያል። ስለዚህ ከአንድ ቅጠል ላይ ጎን ለጎን የወጡ ሁለት ሥሮች በእድገትም በኬሚካል ይዘትም ፍጹም ላይመሳሰሉ ይችላሉ። እያንዳንዱ ሥር የራሱ ቁጥር ያለው የተለየ መስመር ነው። ሥሮችን በአንድ ፍላስክ ቀላቅሎ ማሳደግ የሦስት ወር ልፋትን ከንቱ ያደርጋል።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚሠሩት ልውጥ ሕያው ነው። በኢትዮጵያ ሥራው በደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 896/2007 ሥር ይወድቃል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ተክሉን ከዱር የሚሰበስቡ ከሆነ የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 482/1998ንም ይመልከቱ። የሰበሰቡትን ተክል ናሙና አድርቀው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሐርቤሪየም ያስለዩ። ተክሉ በትክክል ካልተለየ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ሁሉ ዋጋ የለውም።

ሚዲያውና የአውቶክሌቩ ጉዳይ

ኤምኤስ ተክሉ በጠርሙስ ውስጥ የሚያድግበት የጨዎች ምግብ (ሚዲያ) ነው። ለ1 ሊትር ሙሉ ኤምኤስ ሚዲያ 4.43 ግራም ቫይታሚን ያለበት የኤምኤስ ዱቄትና 30 ግራም ስኳር በ900 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ ያሟሙ፤ የኩባንያው ማሸጊያ ሌላ መጠን ከጻፈ ያንን ይከተሉ። ፒኤቹን 5.8 ያድርጉ፣ 1 ሊትር ይሙሉ፣ ለጠጣሩ 8 ግራም አጋር ይጨምሩ። ግማሽ ኤምኤስ ሲባል ዱቄቱ 2.2 ግራም ይሆናል። ሆርሞን አይጨመርም። የተለወጠ ሥር ሆርሞን አያስፈልገውም፤ ሆርሞን ከጨመሩ ያልተለወጠውም ሥር ያወጣና ሁለቱን መለየት ይቸግራል።

በእንፋሎት ግፊት ጀርም በሚገድለው ማሽን፣ በአውቶክሌቭ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ከፍታ ነው። መጽሐፍ ሁሉ «15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ» ይላል። ይህ ለባሕር ጠለል ነው። የግፊት መለኪያው (ጌጁ) የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ባለችበት 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ የውጭው አየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እዚያ ጌጁ 15 ሲያሳይ ውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ 117 ዲግሪ ብቻ ነው። 121 ለማግኘት ጌጁ 18.5 አካባቢ መድረስ አለበት። ማሽኑ በቋሚ ክብደት የሚሠራና ከ15 የማያልፍ ከሆነ ጊዜውን ወደ 40 ደቂቃ ያራዝሙ። ማሽኑ የሚችለውን ግፊት ሳያረጋግጡ ግን ከፍ አያድርጉ፤ አደጋ አለው። የሙቀት ዳሳሽ ያለው ዘመናዊ አውቶክሌቭ ከሆነ በጌጁ ሳይሆን በሙቀቱ ይመሩ። «ሚዲያዬ በአራተኛው ቀን ሻገተ» ከሚሉት ቅሬታዎች ውስጥ ምንጫቸው እጅ ሳይሆን ይህ የሆነ አሉ።

ዘሩና ችግኙ

የጊዜዋ ዘር መብቀል ላይ ሰነፍ ነው። ከበሰለ ቀይ ፍሬ የተወሰደ፣ ታጥቦ የደረቀ ዘር ይውሰዱና 250 ሚሊግራም በሊትር ጂብሬሊክ አሲድ ባለው ውሃ ውስጥ 24 ሰዓት ይንከሩት። ጂብሬሊክ አሲዱ በውሃ ብቻ በቀላሉ አይሟሟም፤ መጀመሪያ በጥቂት ጠብታ ኤታኖል ያሟሙት።

ከዚያ የተጣራ አየር በሚነፍስበት የሥራ ሣጥን (ላሚናር ፍሎው) ውስጥ ዘሩን 70% ኤታኖል ውስጥ 1 ደቂቃ ያቆዩ። ቀጥሎ አንድ እጅ በረኪና በአራት እጅ የተጣራ ውሃ ቀላቅለው ትዊን 20 ከተባለው ሳሙና መሰል ፈሳሽ ሁለት ጠብታ ያክሉና እያንቀጠቀጡ 10 ደቂቃ ያቆዩት። ይህ ስሌት በረኪናው 5% እንደሆነ አድርጎ ነው። ተከፍቶ ወራት የቆየ በረኪና ኃይሉ ይደክማል፣ ስለዚህ አዲስ ጠርሙስ ይክፈቱ። በንጹሕ ውሃ አምስት ጊዜ ያጥቡ። የቆዩ ጽሑፎች ሜርኩሪ ክሎራይድ ያዛሉ፤ ለሠራተኛውም ለፍሳሹም መርዝ ስለሆነ አይመከርም፣ ለዚህ ዘርም አያስፈልግም።

ዘሩን በግማሽ ኤምኤስ አጋር ላይ በ25 ዲግሪ፣ በቀን 16 ሰዓት ብርሃን ያስቀምጡ። ከበቀለ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ያለው ችግኝ ቅጠሉ ለሥራ ይደርሳል። ያረጀ ቅጠል ሲቆረጥ ቶሎ ይጠቁራል፣ ሥርም ብዙ አይሰጥም።

ባክቴሪያውን ማዘጋጀት

ኤ4፣ ኤቲሲሲ 15834 እና ኤልቢኤ 9402 በጊዜዋም ሆነ በሌሎች መድኃኒት ተክሎች ላይ በሰፊው የሚሠራባቸው የባክቴሪያው ስትሬኖች (ዓይነቶች) ናቸው። ቢቻል ከእነዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ይሞክሩ፤ አንዱ ተክል የወደደውን ስትሬን ሌላው ላይወደው ይችላል።

ከማቀዝቀዣው ወጥቶ በጠጣር ሚዲያ ላይ የተዘረጋው ባክቴሪያ በ28 ዲግሪ ሁለት ቀን ይቆይ። አንድ ነጠላ ነጥብ ወስደው በ20 ሚሊሊትር ፈሳሽ ሚዲያ ውስጥ በሼከር፣ በደቂቃ 180 ዙር ያሳድሩ። ጠዋት ላይ በ600 ናኖሜትር ሲለካ ንባቡ ከ0.5 እስከ 0.8 ይሁን። ከ1 በላይ ካለፈ አይጠቀሙበት፤ ሴሎቹ አርጅተዋል፣ በኋላም በአንቲባዮቲክ ለማጥፋት ያስቸግራሉ። በሴንትሪፊውጅ (በማዞሪያ ማሽን) በ4,000 ጂ ለ10 ደቂቃ አዙረው ፈሳሹን ይድፉና ባክቴሪያውን ፒኤቹ 5.4 በሆነ ፈሳሽ ኤምኤስ ይበትኑት።

እዚህ ላይ አሴቶሲሪንጎን ይጨመራል። ይህ የቆሰለ ተክል የሚለቀው ዓይነት ፌኖል ነው፤ ባክቴሪያውን ሥራ የሚያስጀምረው ጥሪ ማለት ነው። 19.6 ሚሊግራሙን በ1 ሚሊሊትር ዲኤምኤስኦ ቢያሟሙ 100 ሚሊሞላር ይሆናል። ከዚህ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊሊትር የባክቴሪያ ፈሳሽ 1 ማይክሮሊትር ሲጨምሩ 100 ማይክሮሞላር ያገኛሉ። የባክቴሪያው ጂኖች ለጥሪው የሚመልሱት አሲዳማ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ ነው ፒኤቹን ዝቅ ያደረግነው።

ማቁሰልና ማገናኘት

ቅጠሉን 1 ሴንቲሜትር በ1 ሴንቲሜትር ይቁረጡ፤ የቅጠሉ መካከለኛ ዋና ጅማት በቁራጩ ውስጥ መኖር አለበት። አብዛኛው ፀጉራማ ሥር የሚወጣው ከዚያ ነው። ባክቴሪያ ውስጥ በተነከረ ስካልፔል በዋናው ጅማት ላይ ሦስት ወይም አራት ቦታ ጫር ያድርጉ፤ እስከ ታች አይቁረጡት። ቁራጮቹን በባክቴሪያው ፈሳሽ ውስጥ 15 ደቂቃ ያቆዩ፣ ከዚያ በንጹሕ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ገልበጥ ገልበጥ እያደረጉ በደንብ ያድርቁ። ማድረቁ ትንሽ ሥራ ይመስላል፣ ግን ከቅጠሉ በታች የቀረች አንዲት ጠብታ በሁለት ቀን ውስጥ ቁራጩን ሙሉ በባክቴሪያ ትሸፍነዋለች።

ከተጠቀሙባቸው ቁራጮች ቢያንስ ሩብ ያህሉን ባክቴሪያ በሌለው ኤምኤስ ውስጥ ነክረው በተመሳሳይ መንገድ ያቁስሉ። ይህ ማነጻጸሪያ ነው። በዚህኛው ላይም ሥር ከወጣ ችግር አለ፦ ወይ ሚዲያው ውስጥ ሆርሞን ገብቷል፣ ወይ ቅጠሉ በራሱ ሥር እያወጣ ነው።

ሁሉንም ሆርሞን በሌለው ኤምኤስ አጋር ላይ በጨለማ ለ48 ሰዓት ያስቀምጡ። ሙቀቱ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ይሁን። ባክቴሪያው ራሱ በ28 ዲግሪ በደስታ ቢያድግም፣ ቲ-ዲኤንኤውን የሚያስተላልፈው መሣሪያው በሙቀት ይዳከማል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ ያለ ማቀዝቀዣ ክፍል ይህን ደረጃ መሥራት ባክቴሪያ ማርባት ብቻ ይሆናል። ከሦስት ቀን በላይ ማቆየትም አይጠቅም፤ ቅጠሉ ይሞታል።

ባክቴሪያውን ማጥፋት

ሴፎታክሲም የተባለውን አንቲባዮቲክ 1 ግራም የያዘውን ብልቃጥ በ10 ሚሊሊትር ንጹሕ ውሃ ያሟሙና በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ያሳልፉት። ሚዲያው ከአውቶክሌቭ ወጥቶ እጅ የሚችለው ሙቀት፣ ማለትም 50 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ ለ1 ሊትር 5 ሚሊሊትር ይጨምሩ። ይህ 500 ሚሊግራም በሊትር ይሰጣል። ሴፎታክሲም በሙቀት ስለሚበላሽ ከአውቶክሌቩ በፊት አይጨመርም።

ቁራጮቹን 500 ሚሊግራም በሊትር ሴፎታክሲም ባለው ፈሳሽ ኤምኤስ አጥበው፣ አድርቀው፣ መድኃኒቱ ባለበት አጋር ላይ ያድርጉ። በየሳምንቱ ወደ አዲስ ያዛውሩ፣ ሳምንት አይዝለሉ። ከቁራጩ ዙሪያ ወተት መሰል ደመና ከታየ እንደገና አጥበው ያዛውሩ፤ ሁለት ጊዜ ታጥቦም ከተመለሰ ይጣሉት። ሥሮቹ ከተለዩ በኋላ መጠኑን ወደ 250፣ ከዚያ ወደ 100፣ በመጨረሻም ወደ ዜሮ ይቀንሱ።

ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ከቁስሉ ላይ ነጭ ሥሮች ይወጣሉ። 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ሲደርሱ ለየብቻ ቆርጠው ለየብቻ ፔትሪ ዲሽ ያድርጉ። ክዳኑ ላይ ስትሬኑን፣ የቁራጩን ቁጥር፣ የሥሩን ቁጥርና ቀኑን ይጻፉ። ክዳን ይቀያየራልና በታችኛው ክፍልም ላይ ይድገሙት።

አንዳንዱ ሥር ጥቂት ሄዶ ይወፍርና ወደ እብጠት፣ ማለትም ወደ ካለስ ይለወጣል። ከላይ የተጠቀሱት ስትሬኖች ሁለት የቲ-ዲኤንኤ ክፍል ይዘዋል፤ ሁለተኛው ክፍል ተክሉ ተጨማሪ ኦክሲን እንዲሠራ የሚያደርጉ ጂኖች ስላሉበት፣ ሁለቱም በገቡበት ሥር ላይ ይህ ሊታይ ይችላል። ለሥር ምርት የሚያምረው ቀጭን፣ ነጭ፣ በፀጉር የተሸፈነና ብዙ የሚቀረንፍ መስመር ነው። ሥሩ ጫፉ ላይ ሲጠቁር ግን ብዙ ጊዜ ዘረመሉ ጥፋተኛ አይደለም፤ ሚዲያው አርጅቷል ወይም የተዛወረው ቁራጭ በጣም ትንሽ ነበር።

መለወጡን ማረጋገጥ

መልክ ማስረጃ አይሆንም። ከእያንዳንዱ መስመር 100 ሚሊግራም ያህል ትኩስ ሥር ወስደው ዲኤንኤውን ያውጡና ሁለት ፒሲአር (አንድን ጂን አባዝቶ መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ) ይሥሩ፦ አንዱ ለሮል-ቢ፣ አንዱ ለቪር-ዲ። ቪር-ዲ በዚያው ፕላዝሚድ ላይ ያለ ነገር ግን ከቲ-ዲኤንኤው ውጭ የሆነ ጂን ነው፤ ወደ ተክሉ አይገባም። ስለዚህ ሮል-ቢ ታይቶ ቪር-ዲ ካልታየ ሥሩ ተለውጧል፣ ባክቴሪያውም የለም። ሁለቱም ከታዩ ባክቴሪያው አሁንም ሥሩ ውስጥ ተደብቋል፤ የሮል-ቢ ውጤቱም ከባክቴሪያው ሊሆን ስለሚችል አያምኑትም። እንደገና ወደ 500 ሚሊግራም ሴፎታክሲም ይመለሱ። ከባክቴሪያው የወጣ ዲኤንኤ፣ ያልተለወጠ የጊዜዋ ሥር ዲኤንኤና ባዶ ውሃ በእያንዳንዱ ዙር አብረው መሮጥ አለባቸው።

ከፒሲአሩ በተጨማሪ ከሥሩ ትንሽ ቆርጠው በንጹሕ መፍጫ ይፍጩና በባክቴሪያ ሚዲያ ላይ በ28 ዲግሪ ሦስት ቀን ያቆዩት። ምንም ካልበቀለ ተገላገሉ።

በፈሳሽ ማሳደግ

በ250 ሚሊሊትር ፍላስክ ውስጥ 50 ሚሊሊትር ፈሳሽ ኤምኤስ አድርገው 0.5 ግራም ትኩስ የሥር ጫፍ ይጨምሩ። በጨለማ፣ በ25 ዲግሪ፣ በደቂቃ ከ80 እስከ 100 ዙር ያሽከርክሩ። ፈጣን ሽክርክሪት ሥሩን ይቀጠቅጠዋል፤ ዝግ ያለው ደግሞ መሐል ያለውን ሥር ኦክሲጅን ያሳጣዋል። ፍላስኩን ከአንድ አምስተኛ በላይ አለመሙላት ሌላም ጥቅም አለው፦ መብራት ጠፍቶ ሼከሩ ሲቆም ፈሳሹ ስስ ስለሆነ ሥሩ ቶሎ አይታፈንም። እያንዳንዱን መስመር በአጋር ላይም በመጠባበቂያነት ያቆዩ፣ በየአራት ሳምንቱም ያዛውሩ።

እድገቱን ለማወቅ ለእያንዳንዱ የመለኪያ ቀን ሦስት ፍላስክ መድበው በ10፣ በ20፣ በ30፣ በ40 እና በ50ኛው ቀን ያንሱ። ሥሩን አጥበው፣ በወረቀት አድርቀው ይመዝኑ፤ ከዚያ በ45 ዲግሪ ክብደቱ እስኪረጋ ያድርቁና ደግመው ይመዝኑ። ብዙ ጊዜ የጊዜዋ ሥር ከ35 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ፍላስኩን ሳያፈርሱ መከታተል ከፈለጉ የሚዲያውን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ይለኩ፤ ሥሩ ጨዎቹን እየበላ ሲያድግ ንባቡ ይወርዳል።

ምርቱን ለመግፋት ሜቲል ጃስሞኔት ወይም ሳሊሲሊክ አሲድ ይጨመራል። ሁለቱም ተክሉ ጥቃት ሲደርስበት የሚጠቀምባቸው ምልክቶች ናቸው፤ ሥሩ መከላከያ ኬሚካሎቹን እንዲሠራ ያነሳሱታል፣ እድገቱን ግን ያቆሙታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሳይሆን እድገቱ ሊያበቃ ሲል፣ በ35ኛው ቀን ገደማ ይጨምሩ። 22.4 ሚሊግራም ሜቲል ጃስሞኔት በ1 ሚሊሊትር ኤታኖል 100 ሚሊሞላር ነው፤ ለ50 ሚሊሊትር ፍላስክ 50 ማይክሮሊትር ቢያደርጉ 100 ማይክሮሞላር ይሆናል። ማነጻጸሪያው ፍላስክ 50 ማይክሮሊትር ባዶ ኤታኖል ይግባለት፤ ያለዚያ ለውጡ የጃስሞኔቱ ይሁን የኤታኖሉ አይታወቅም። ከ2 እና ከ4 ቀን በኋላ ያንሱና ያወዳድሩ።

ማውጣትና መለካት

የደረቀውን ሥር ፈጭተው 500 ሚሊግራም ይመዝኑ። በ10 ሚሊሊትር ሜታኖል ውስጥ በአልትራሳውንድ መታጠቢያ 30 ደቂቃ ያቆዩ፣ ያጣሩ፣ ይህን በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ያድርጉ። ሦስቱን ፈሳሽ አዋሕደው ከ45 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት በቫኪዩም ያትንኑና የቀረውን በትክክል 2 ሚሊሊትር በሆነ፣ ለኤችፒኤልሲ (ኬሚካሎችን በኮለም ለያይቶ ለሚለካው ማሽን) በሚሆን ሜታኖል ያሟሙ። ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ይለፍ።

ኮለሙ ሲ18፣ 250 በ4.6 ሚሊሜትር፤ ፍሰቱ 1 ሚሊሊትር በደቂቃ፤ ተሸካሚው ውሃና አሴቶናይትሪል፤ መለኪያው ብርሃን 227 ናኖሜትር ይሁን። የንጹሕ ዊታኖላይድ ኤ እና ዊታፌሪን ኤ መደበኛ ናሙና ከ5 እስከ 100 ማይክሮግራም በሚሊሊትር በአምስት ደረጃ አዘጋጅተው የማነጻጸሪያ መስመሩን በግራፍ ይሳሉ።

ዊታኖላይድ ኤ፣ ዊታፌሪን ኤ እና ዊታኖን የሦስቱም ቀመር አንድ ነው፦ 28 ካርቦን፣ 38 ሃይድሮጅን፣ 6 ኦክሲጅን፣ ክብደታቸውም 470.6። ስለዚህ የማስ ስፔክትሮሜትር ቁጥር ብቻ ይዞ «አገኘሁት» ማለት አይቻልም። ከኮለሙ በሚወጣበት ሰዓት ከመደበኛው ናሙና ጋር መገጣጠም አለበት፤ ጥርጣሬ ካለ መደበኛውን በናሙናው ላይ ጨምረው በግራፉ ላይ ያው ጫፍ ሳይሰነጠቅ ከፍ ማለቱን ይዩ። ዊታፌሪን ኤ፣ መዋቅሩ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በእስራኤል ዋይዝማን ተቋም የተጠናው፣ በተፈጥሮ ተክሉ ላይ በብዛት የሚገኘው በቅጠሉ ነው፤ ዊታኖላይድ ኤ ደግሞ በሥሩ። ከፀጉራማ ሥር የትኛውን እንደሚፈልጉ ቀድመው ይወስኑ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ማሽኑ 30 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ካነበበ፣ 30 በ2 ሚሊሊትር ተባዝቶ ለ0.5 ግራም ሲካፈል 120 ማይክሮግራም በግራም ደረቅ ሥር ይሆናል።

መስመር ሲመርጡ ግን በዚህ ቁጥር ብቻ አይፍረዱ። ለምሳሌ አንዱ መስመር 180 ማይክሮግራም በግራም ይዞ ከአንድ ሊትር 6 ግራም ደረቅ ሥር ቢሰጥ፣ ከሊትሩ የሚገኘው 1,080 ማይክሮግራም ነው። ሌላው 120 ብቻ ይዞ 11 ግራም ቢሰጥ 1,320 ይሆናል። ተመርጦ የሚቀጥለው ሁለተኛው መስመር ነው። የተመረጡትን በየስድስት ወሩ በዚሁ መንገድ እንደገና ይለኩ፤ ፀጉራማ ሥር የተረጋጋ ቢሆንም በተደጋጋሚ ዝውውር ምርቱ የሚወርድ መስመር አለና፣ የመጀመሪያውን መለኪያ ይዘው ለዓመታት አይቀመጡ። የተጣሉት መስመሮች፣ ያገለገለው ሚዲያና የባክቴሪያው ፈሳሽ ሁሉ ወደ ቆሻሻ ከመሄዳቸው በፊት አውቶክሌቭ ይገባሉ፤ እዚያም ላይ የከፍታው ሒሳብ ይቆጠራል።